ወራጅ አለ

ዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ እንደቆምን መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅም አብሮት ቆመ። እስከዚያ ድረስ ልብ ያላልነው ሁሉ፣ የሕፃን ልቅሶው፣ የከረጢት ኮሽታው፣ ከኋላችን የተቀመጡት አዛውንት ሳል፣ አንድ በአንድ ይሰማ ጀመር። እናቴ ጭኗ ላይ ያደረገችውን የአጥሚት ዱቄት ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

"ደረስን?"

"አልደረስንም እማዬ። ሞተሩን ሊቀይሩት ነው።"

"እኛስ? እንወርዳለን?"

"እኛ አንወርድም።"

"ተመስገን" አለችና ወደ መስኮቱ ዘንበል አለች። "የጠዋቱ ይበቃኛል። አሁን እሱ ይውረድልን።"

ጉዟችን የተጀመረው ኒው ጀርሲ ውስጥ ፕሌንፊልድ ከሚኖረው ወንድሜ ቤት ነው። መድረሻችን የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ናት። እህቴ ወልዳለች፤ እናቴም ከድሬዳዋ የመጣችው ልታርሳት ነው። በሁለቱ ሻንጣዎች ውስጥ ልብስ ያለ አይመስለኝም። በሶ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ በላስቲክ ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ቅቤ አለ። ወንድሜ በመኪና ላድርሳችሁ ብሎ ነበር። በባቡር ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ የባቡር ከተማ ልጅ ናትና ደስ ይላታል ብዬ።

"የጠዋቱ" ያለችው ኒዋርክ ላይ ያየነውን ነው። ከፕሌንፊልድ የተሳፈርንበት ባቡር ኒዋርክ ፔን ጣቢያ ሲደርስ ወርደን፣ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ባቡር ለመያዝ ወደ ሌላ ፕላትፎርም ተሻገርን። አሳንሰር መፈለግ፣ ሰሌዳ ማንበብ፣ ሻንጣ መቁጠር፣ እንደገና መቁጠር። ወንድሜ ለሥራ ማንሃተን ሲሄድ በየቀኑ እዚያው ኒዋርክ ላይ ይቀይራል፤ ከስልኩና ከቡናው በቀር የሚይዘው ስለሌለ ነገሩ ትዝም አይለውም። ለእናቴ ግን ያ ሩብ ሰዓት ከጉዞው ሁሉ ረዝሞባት ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም። ጉልበቷ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ "ቢያመልጠንስ?" የሚለው ሐሳብ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ይህን ስጋት የአገራችን ተሳፋሪ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ርቀት በኪሎ ሜትር አይነገርም። "ሰፈርህ ስንት ታክሲ ነው?" ይባላል። "አንድ ታክሲ ነው" ያለ ሰው ቤቱ ሩቅ ቢሆንም ቅርብ ነው። "ሦስት ታክሲ ነው" ያለ ሰው ደግሞ ቅርብ ቢሆንም ያሳዝናል። የከተማው ተሳፋሪ አምርሮ ከሚጠላቸው ነገሮች አንዱ አቆራርጦ መጫን ነው፤ እስከ መጨረሻው ሊያደርስ የሚገባው ታክሲ መንገዱን ለሁለት ይከፍልና ግማሹ ላይ ያወርዳል፣ እንደገና ያሰልፋል፣ እንደገና ያስከፍላል። የሚያንገበግበው ሒሳቡ ብቻ አይደለም። ከወረዱ በኋላ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ፣ ቢመጣም ቦታ ይኑረው አይኑረው አለመታወቁ ነው። የትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎችም ይህን ስሜት በስሌታቸው ያስገቡታል። ቆሞ የመጠበቅን አንዷን ደቂቃ ተቀምጦ ከመጓዝ ሁለት ደቂቃ ጋር እኩል አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው፤ ለመቀየሩ ራሱ ደግሞ ተጨማሪ ደቂቃ ይደምሩበታል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም።

ዩኒየን ጣቢያ ላይ ያቆመን የሎኮሞቲቩ ነገር እንዲህ ነው። ከኒው ዮርክ እስከ ዋሽንግተን ባለው ሐዲድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ዩኒየን ጣቢያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄድ ባቡር በናፍጣ መሄድ አለበት። ስለዚህ ሠራተኞች የኤሌክትሪኩን ሎኮሞቲቭ ይፈቱታል፣ የናፍጣውን አምጥተው ያስሩታል፣ ፍሬኑን ይፈትሻሉ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ፉርጎዎቹ መብራት የሚያገኙት ከሎኮሞቲቩ ስለሆነ በመካከሉ ጨለማ ይሆናል። የባቡሩ ባለቤት አምትራክ ካዘዛቸው ኤሮ የተባሉ 83 አዳዲስ ባቡሮች ለዚህ መስመር የታሰቡት ሲመጡ በሁለቱም ኃይል ስለሚሠሩ ይህ ማሰርና መፍታት ይቀራል። እስከዚያ ግን "ቀጥታ" የምንለው ባቡር ውስጡ ቅያሪ አለበት። የሚቀየረው ሰው አለመሆኑ ነው ልዩነቱ።

እናቴ "እሱ ይውረድልን" ስትል ነገሩን ጨርሳዋለች። የቀጥታ ባቡርና የቅያሪ ክርክር ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይወድቃል፦ ማን ይውረድ? የሁለት መስመሮች ሐዲድ፣ ኃይል ወይም ባለቤት የተለያየ በሆነበት ሁሉ አንድ ነገር መቀየሩ አይቀርም። ወይ ሎኮሞቲቩ ይቀየራል፤ ወይ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ዋሻና ድልድይ ይሠራል፤ ወይ የጊዜ ሰሌዳው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ አንዱ ባቡር ሌላውን እንዲጠብቅ ይደረጋል። ከእነዚህ አንዱም ካልተደረገ ሸክሙ ቅቤ የያዘች እናት ትከሻ ላይ ያርፋል።

የወንድሜ መስመር ራሪታን ቫሊ ይባላል፤ ባቡሮቹ የናፍጣ ናቸው። በኒዋርክና በማንሃተን መካከል ሃድሰን ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ሥር የሚያልፉት ሁለት ዋሻዎች እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈቱ ናቸው፤ በናፍጣ የሚነዳ ባቡር አይገባባቸውም። ለዚህ ነው የፕሌንፊልድ ሰው ኒዋርክ ላይ የሚወርደው። በናፍጣም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ከተገዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥቂት ባቡሮች ከጥድፊያው ሰዓት ውጭ ቀጥታ ማንሃተን እንዲገቡ ተደርጓል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይገቡም? ሎኮሞቲቩ ተገኝቷል፤ ያልተገኘው መግቢያው ነው። ወደ ኒው ዮርክ የሚያስገባው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው፤ በጥድፊያው ሰዓት ቢበዛ 24 ባቡር ገደማ በሰዓት ያስተናግዳል፤ ሁሉም ተይዟል። ለፕሌንፊልድ ቀጥታ ባቡር መስጠት ማለት ከሌላ ከተማ ላይ አንድ ባቡር መንሳት ማለት ነው። አዲሱ የሃድሰን ዋሻ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የወንድሜ ቅያሪ ከሌላ ሰው ቀጥታ ጉዞ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጧል።

እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ ዕድል የቀናቸው አሉ። የሞሪስና ኤሴክስ መስመሮች ለረጅም ዘመን ሆቦከን ላይ ያበቁ ነበር፤ መንገደኛው ወርዶ በሌላ ባቡር ወይም በጀልባ ወንዙን ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1996 አጭር የማገናኛ ሐዲድ ተሠርቶ የተወሰኑት ባቡሮች በቀጥታ ማንሃተን ይገቡ ጀመር። ተሳፋሪው ከተጠበቀው በላይ በዛ፤ በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያሉ ቤቶችም ዋጋቸው ወጣ። ሰው አለመውረድን በገንዘቡ ምን ያህል እንደሚመዝነው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ግን የቤት ዋጋ መውጣት ማለት ቀድሞ በርካሽ ተከራይቶ የነበረው ሰው ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ የቅያሪ መስመር መሄዱ ነው፤ ይህ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ወደ ጨለማው ፉርጎ ልመለስ። እዚያ ተቀምጠን ሳለን የእህቴ ባል ደወለ። እሱ የሚሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ። አንዷ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ሌላዋ በስተደቡብ፤ ሁለቱም የሐበሻ ሰፈሮች ናቸው። እንጀራ ጋጋሪው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያመላልሳል። በካርታ ላይ ሲታይ ሁለቱንም ከተሞች የክፍለ ሀገር ባቡር ይነካቸዋል። የሜሪላንዱ ማርክ አንዱ መስመር ከሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ዩኒየን ጣቢያ ይገባል፤ እዚያ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ የጀመረው የቨርጂኒያው ቪ አር ኢ ደግሞ ከዩኒየን ጣቢያ ተነስቶ በአሌክሳንድሪያ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን መንገደኛ ተሸክሞ አይቀጥልም።

ቀይር ቢባል እንኳ አይመችም። ሁለቱም መስመሮች የተቀረጹት ጠዋት ወደ ዋሽንግተን ለሚገባ፣ ማታ ከዋሽንግተን ለሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም አይሠሩም። የእህቴ ባል ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ዋሽንግተን ቢደርስ፣ በዚያ ሰዓት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣ ባቡር ማግኘት ጭንቅ ነው። ባቡሮቹ ያመጡትን መንገደኛ አራግፈው ቀኑን እዚያው መሐል ከተማ ቆመው ይውላሉ። ማርኩ ዝም ብሎ ወደ ቨርጂኒያ ቢቀጥል፣ ቪ አር ኢውም ወደ ሜሪላንድ ቢወጣ፣ ፕላትፎርሙ ቶሎ ይለቀቃል፣ የእህቴን ባል የመሰለውም ሰው ወንበር ያገኛል። ሁለቱ ግዛቶች ይህን ሐሳብ ለዓመታት ሲነጋገሩበት ቆይተዋል።

የሚያግዷቸው ነገሮች ግን እውነተኛ ናቸው። በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው ሎንግ ብሪጅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ሁለት ሐዲድ ብቻ ያለው ሲሆን የጭነቱ ባቡርም፣ የአምትራኩም፣ የቪ አር ኢውም በእሱ ላይ ይሻማል። ከጎኑ ሌላ ባለ ሁለት ሐዲድ ድልድይ እንዲቆም በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሥራው ተጀምሯል፤ በ2030 ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሌላው የበሩ ከፍታ ነው። የቪ አር ኢ ፉርጎዎች ዝቅ ካለ ፕላትፎርም በደረጃ የሚወጣባቸው ናቸው፤ ወደ ባልቲሞር በሚወስደው አንደኛው የማርክ መስመር ላይ ያሉት ዋና ዋና ጣቢያዎች ግን ፕላትፎርማቸው ከፍ ያለ ነው። ባቡሩ ይደርሳል፣ ሰው ግን መውጣትና መውረድ አይችልም። ሦስተኛው እንደ ጉንፋን የሚተላለፈው መዘግየት ነው። ሁለት መስመሮች ሲቀጠሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ከጭነት ባቡር ጀርባ የቆመው ባቡር ሜሪላንድ ውስጥ የሚጠብቀውን ሰው ያዘገያል። ለየብቻ ሲሆኑ ዩኒየን ጣቢያ እንደ ትራስ ነው፤ የአንዱ ጉዳት ወደ ሌላው አያልፍም።

የእህቴ ባል ታዲያ እንዴት ይሄዳል? በሜትሮ። ከኪንግ ስትሪት በቢጫው ይሳፈራል፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወርዶ በቀዩ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። ሁለት ባቡር ነው። አንድም ቀን ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም፤ አንዱ ቢያመልጠው ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣልና። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። በቀን ሁለቴ ብቻ ከሚመጣ ቀጥታ ባቡር በየአሥር ደቂቃው የሚመጣ ባለ ቅያሪ ይሻላል። ባቡሩ በየሰዓቱ ወይም ከዚያ በረዘመ ጊዜ በሚመጣበት መስመር ላይ ግን ቀጥታ የማይገኝ ከሆነ ቅያሪው ቃል ኪዳን ሊኖረው ይገባል፤ ጠባቂ ባቡር፣ አንድ ቲኬት፣ ቢያመልጥም ኃላፊነት የሚወስድ ሰው።

ይህን ቃል ኪዳን አጥብቀው የያዙት ስዊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው "ባቡር 2000" የተባለው ዕቅድ ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ነው። መሠረቱ ቀላል ነው፦ በትልልቅ ጣቢያዎች ሁሉም ባቡሮች ሰዓቱ ሞላ ሊል ጥቂት ሲቀረው ይገባሉ፣ ሞላ ካለ በኋላ ወዲያው ይወጣሉ። በመካከሏ ትንሽ ጊዜ ሰው ከየትኛውም ወደ የትኛውም ይቀይራል። ይህ እንዲሠራ በዙሪክና በበርን መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ማነስ ነበረበት፤ ለዚህ ሲባል 45 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ ጉዞው 56 ደቂቃ ሆነ። ከዚያ በላይ ለመፍጠን አልሞከሩም፤ አራት ደቂቃ ቀድሞ መግባት ለመቀየር ይበቃል። ፍጥነቱ የተመጠነው ለቀያሪው ሰው ነው። ያ አገር ቅያሪውን የተሸከመው በጊዜ ሰሌዳው ነው።

የእኛንም የመጀመሪያ ባቡር ያሰበው ስዊዛዊ ነው፤ የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ። ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የእናቴ ከተማ ድሬዳዋ ራሷ የቅያሪ ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ከበደ፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከግርጌው ቀረ፤ የሐረር ሰውም እዚያው እየወረደ በበቅሎ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ከሚወርደውና ከሚሳፈረው ሰው፣ ከሚራገፈው ጭነት፣ ሻይ ከምታፈላው ሴት ከተማ ተወለደ። ስለዚህ ቅያሪ ሁሉ ኪሳራ አይደለም። አንዳንዴ ሰው የሚወርድበት ቦታ አገር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር። እናቴ የምታስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

"ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታችን በእግሬ ወጥቼ እሳፈራለሁ" አለችኝ በጨለማው ውስጥ። "ኤረር፣ አፍደም፣ ሜኤሶ፣ አዋሽ፣ ናዝሬት... ብርቱካኑን በመስኮት ይሰጡናል። አዝጋሚ ነበር፤ ያዘግም እንጂ! ለገሃር ሲያወርደኝ ግን አዲስ አበባ መሐል ነኝ። አክስቴ ቆማ ትጠብቀኛለች።"

"በአዲሱ ሄደሻል?"

"ሄጃለሁ። ይፈጥናል፤ ወንበሩም ጥሩ ነው። ግን ጣቢያው ዳር ነው፤ ለመድረስ መኪና፣ ወርዶ ደግሞ መኪና።"

ነገሩ እንዳለችው ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአሮጌው በሁሉም ነገር ይበልጣል፤ ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ጭነቱ ብዙ ነው። የመንገደኛው ጣቢያ ግን አዲስ አበባ ላይ ለቡ ነው፤ ድሬዳዋ ላይም ከከተማው ወጣ ብሎ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ረጅም የጭነት ባቡር መሐል ከተማ አይገባም፤ ቤት አፍርሶ ሐዲድ መዘርጋትም ዋጋው ብዙ ነው። ነገር ግን መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በለገሃር ያልፋል፤ የአሮጌው ጣቢያ ሕንፃ ከሚገኝበት አጠገብ ይቆማል፤ ለቡ ግን አይደርስም። የአያት ሰፈር ሰው ከድሬዳዋ ሲመለስ ለቡ ወርዶ ታክሲ ይይዛል፣ ሜክሲኮ ላይ ወደ ቀላሉ ባቡር ይገባል። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ከተማ እየኖሩ አይተዋወቁም። ለእኔ ከቀጥታው ክርክር ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ሐዲዱ እስኪገናኝ ድረስ እንኳ ባቡሩ ሲገባ ለቡ ደጃፍ የሚጠብቅ፣ በአንድ ቲኬት የሚያሳፍር አውቶቡስ ማቆም ድልድይ እንደ መሥራት አይከብድም።

ቀጣዩ ጥያቄ የአዋሽ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። መንገደኛ ማመላለስ በሚጀምርበት ቀን የወሎ ሰው አዋሽ ላይ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከኮምቦልቻ ቀጥታ አዲስ አበባ ድረስ ባቡር መላክ ነው፤ ደስ ይላል፤ ግን ከአዋሽ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ነጠላ ስለሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ባቡር ከጭነቱ ጋር ይጋፋል። ሁለተኛው አዋሽ ላይ ማውረድ ነው፤ የድሬዳዋው ባቡር ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ያመለጠው ሰው ሙቀቱ ውስጥ ማደሩ ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ጥንቱ እንግዳ መሆን ነው። ሦስተኛው የሎኮሞቲቩ መንገድ ነው፦ ከድሬዳዋ የመጣው ባቡርና ከኮምቦልቻ የመጣው ባቡር አዋሽ ላይ ተገጣጥመው አንድ ሆነው ይገባሉ፤ ሲወጡም አዋሽ ላይ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ ከቺካጎ የሚነሳው ኢምፓየር ቢልደር ስፖኬን ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲያትል፣ ሌላው ፖርትላንድ ይሄዳል፤ የተኛ መንገደኛ እንኳ አይነቃም። አንዱ ሲዘገይ ሌላው መጠበቁ ችግር ነው፤ አውቃለሁ። ግን እየጠበቁም ቢሆን ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ሻንጣቸውን ከራሳቸው በላይ አድርገው። የምመርጠው ይህንን ነው።

መብራቱ መጣ። ማቀዝቀዣው አጓራ፤ ሰው ሁሉ ባንዴ ያወራ ጀመር። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ሲጎትተን ትንሽ ነቅነቅ አልን፤ እናቴም አንድ ነገር ያስታወሰች ይመስል ፈገግ አለች። ባቡሩ ከካፒቶል ኮረብታ ሥር ባለው ዋሻ ገብቶ በሌላው ወገን ወጣ፤ ወዲያው ፖቶማክ ተዘረጋ። በስተጎን ለአዲሱ ድልድይ የቆሙትን ክሬኖች አሳየኋት። እሷ ግን የምታየው ውኃውን ነበር።

"አዋሽ ይህን ያህላል?"

"አያህልም እማዬ።"

አሌክሳንድሪያ መቃረባችን በድምፅ ማጉያው ተነገረ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ሻንጣዎቹን አወረድኩ፤ አንድ፣ ሁለት። ቲኬት ተቆጣጣሪው በመተላለፊያው ወደ እኛ ሲመጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አጥሚቱን አቅፋ፣ በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

"ወራጅ አለ በለው።"